ሮኬቱ ሲራዘም ጉዞው እንዳይበላሽ

ጠያቂያችን እንዲህ ጽፈዋል፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የ10 ዓመት ልጅ አለኝ፤ ስለ ጠፈር ማውራት ከጀመረ አይቆምም። ባለፈው ሮኬት ላሳየው ብዬ ፍሎሪዳ ወስጄው ነበር። አንዴ ተራዘመ ተባለ፣ በማግስቱም ተራዘመ፤ ከዚያ የመመለሻ ትኬታችን ቀን ደረሰና ሳናይ መጣን። አውሮፕላን ውስጥ ሲያለቅስ አንጀቴን በላው። አሁን እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች፤ ጥቂት ወር ትቆያለች። ጉልበቷን ያማታል እንጂ አብራን ብትሄድ ደስ ይላታል። ያንን ወደ ጨረቃ የሚሄደውን ትልቁን ሮኬት ለማየት እንዴት ላቅድ? ስንት ቀን ልያዝ? የት እንቁም? ደግሞስ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚራዘመው?»

የመጨረሻውን ጥያቄ ወደ ፊት ላምጣው፤ የሌሎቹ ሁሉ መልስ ከእሱ ነው የሚወጣው። ሙያዬ የሮኬት ነዳጅ መሙያ መሣሪያ ነው። ሮኬት ከሚዘገይባቸው ምክንያቶች ብዙዎቹን በቅርብ የማያቸው ናቸው።

አጭሩ መልስ ይኸውልዎ። የወጣውን ቀን ብቻ ይዘው አያቅዱ። ሲራዘም ለምን እንደተራዘመ ይጠይቁ። «ተራዘመ» የሚለው ዜና ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ነገ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ከአራት ወር በኋላ ማለትም ሊሆን ይችላል። የትኛው ሲሆን አንድ ቀን እንደሚጨምሩ፣ የትኛው ሲሆን ሻንጣ እንደሚዘጉ የሚነግርዎት ምክንያቱ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ሰዓቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቀላሉ እንጀምር፤ ከአየር ጠባይ። ብዙ ሰው ሮኬት የሚቆመው ዝናብ ፈርቶ ይመስለዋል። ዋናው ፍርሃት መብረቅ ነው፤ ያውም ሮኬቱ ራሱ የሚጠራው መብረቅ። ረጅም አካል፣ ከኋላው ደግሞ የጋለ የጭስ ጅራት ይዞ ኤሌክትሪክ ያዘለ ደመና ውስጥ ሲገባ ለመብረቁ መንገድ ይከፍትለታል። ሰማዩ ላይ ከዚያ በፊት አንድም መብረቅ ባይኖር እንኳ ይህ ሊሆን ይችላል። አፖሎ 12 ኖቬምበር 14 ቀን 1969 ከተነሣ በኋላ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ሁለቴ ተመታ። ደግነቱ ሰዎቹ ተርፈው ጨረቃ ደረሱ። በ1987 ግን ፍሎሪዳ ካለው ከኬፕ ካናቨራል የተነሣ አንድ አትላስ ሴንታር ሮኬት በመብረቅ ሳቢያ ከነጭነቱ ጠፋ። የዛሬዎቹ የደመና ደንቦች የጠበቁት በእነዚህ ምክንያት ነው። እርስዎ ቀና ብለው ሲያዩት ሰማዩ ጸዳ ያለ ሊመስል ይችላል። የአየር ጠባይ ባለሙያዎቹ ግን የደመናውን ውፍረትና መሬት ላይ የሚለካውን የኤሌክትሪክ ኃይል አይተው «ዛሬ አይሆንም» ይላሉ።

የአየር ጠባይ መዘግየት ጥሩ ጎኑ ሮኬቱ ደህና መሆኑ ነው። ሜይ 27 ቀን 2020 ሁለት ጠፈርተኞች ስፔስኤክስ የተባለው ኩባንያ በሠራው መንኮራኩር ውስጥ ተቀምጠው፣ ሊነሡ 17 ደቂቃ ገደማ ሲቀራቸው በአየሩ ምክንያት ተቋረጠ። በሦስተኛው ቀን፣ ሜይ 30፣ ሄዱ። ስለዚህ ምክንያቱ ደመና፣ ነፋስ ወይም መብረቅ ከሆነ ይቆዩ። ሆቴሉን አንድ ሌሊት ያራዝሙ።

ኬፕ ካናቨራል ላይ ትንበያውን የሚያወጣው የአሜሪካ የጠፈር ኃይል 45ኛው የአየር ጠባይ ስኳድሮን ነው። ሦስት ቀን ገደማ ሲቀር ጀምሮ በመቶኛ ይናገራል። ለምሳሌ «60 በመቶ ምቹ» ካለ፣ በዚያ ሰዓት አየሩ ደንቡን የማይጥስበት ዕድል 60 በመቶ ነው ማለት ነው። ሮኬቱ ራሱ ደህና ይሁን አይሁን በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። አንድ ተጨማሪ ቀን ምን ያህል እንደሚያወጣ ለማየት ግን ቁጥሩ ይጠቅማል። ሁለት ቀን፣ እያንዳንዱ 60 በመቶ ምቹ ቢሆን፣ ቢያንስ በአንዱ አየሩ የሚፈቅድበት ዕድል ወደ 84 በመቶ ይወጣል። የዛሬው ደመና ነገም ሊያድር ስለሚችል ሒሳቡ ቁርጥ ያለ አይደለም። ቢሆንም አንዲት ቀን መጨመር ምን ያህል እንደሚለውጥ ያሳያል።

በበጋቸው ወራት፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር፣ ከሰዓት በኋላ የባሕሩ ነፋስ ወደ ምድር ገብቶ ነጎድጓድ የማያመጣበት ቀን ጥቂት ነው። ምርጫ ካለዎት በዚያ ወቅት በጠዋት ወይም በሌሊት የሚነሣውን ይምረጡ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚገርመው፣ «ደመናው አለፈ አይደል፣ ለምን አሥር ደቂቃ አይጠብቁም?» የሚለው ነው። እንደ ሮኬቱ ይለያያል። ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚሄድ ሮኬት የሚነሣው ጣቢያው የሚዞርበት መስመር ከማምጠቂያው በላይ በሚያልፍበት ሰዓት ነው። ሳይቆም እንደሚያልፍ ታክሲ ነው፤ ደቂቃዋ ካመለጠች የዕለቱ አበቃ። በማግስቱ ደግሞ ሰዓቱ ወደ 24 ደቂቃ ያህል ቀደም ይላል። በ2020ው ጉዞ ሜይ 27 የተያዘው ሰዓት ከሰዓት በኋላ 4፡33 ነበር፤ ሜይ 30 የተነሡት 3፡22 ላይ ነው። ትናንት በነበረው ሰዓት እደርሳለሁ ብሎ የመጣ ሰው ያመልጠዋል። የኢንተርኔት ሳተላይት የሚጭኑት የስታርሊንክ በረራዎች ግን ብዙ ጊዜ የሰዓታት ሰፋ ያለ ጊዜ አላቸው። ለቤተሰብ እነዚህ ይመቻሉ።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ። የጠየቁኝ ትልቁ ሮኬት ኤስኤልኤስ ይባላል፤ የናሳን የአርቴሚስ ጉዞዎች ወደ ጨረቃ የሚወስደው እሱ ነው። ዋና ነዳጁ ፈሳሽ ሃይድሮጅን ነው። ሃይድሮጅን ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ላይ ነው። የሮኬቱ ታንክ 2 ሚሊዮን ሊትር ያህል ይይዛል። ይህን ሁሉ ከመሬት ወደ ሮኬቱ የሚያሻግሩ ቱቦዎች አሉ። የቱቦዎቹ መጋጠሚያ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ምንም ማፍሰስ የለበትም፤ ሮኬቱ ሲነሣ ደግሞ ወዲያው መላቀቅ አለበት። ሁለቱን አብሮ ማሳካት ከባድ ነው። በፍሎሪዳ ሙቀት ውስጥ የቆመ ብረት በአጭር ጊዜ ያን ያህል ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ማሸጊያው ይደርቃል። ሃይድሮጅን ደግሞ ከሞለኪውሎች ሁሉ ትንሹ ነው፤ ውሃ በማያልፍባት ክፍተት ያልፋል። በሞቃት አየር ተፈትሾ ደህና የተባለ መጋጠሚያ ሲቀዘቅዝ ሊያፈስ ይችላል። እውነተኛው ፈተና ራሱን ነዳጁን መሙላት ብቻ ነው። ስለዚህ ችግሩ የሚታወቀው ሰው ሁሉ ወንዝ ዳር ወንበሩን ዘርግቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን የአርቴሚስ በረራ ታሪክ በዝርዝር ልንገርዎ፤ የመዘግየት ዓይነቶች ሁሉ አንድ ላይ ይገኙበታል። ኦገስት 29 ቀን 2022 ሊነሣ ነበር። ከአራቱ ሞተሮች አንዱ በቂ ያልቀዘቀዘ መሰለ። ኋላ ሲጣራ ሞተሩ ደህና ነው፤ የተሳሳተው ሙቀት ለኪው ነበር። ሴፕቴምበር 3 እንደገና ሞከሩ። ያ የነገርኩዎት መጋጠሚያ ሃይድሮጅን አፈሰሰ፤ ተቋረጠ። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ኢያን የሚባለው አውሎ ነፋስ መጣና ሮኬቱ ወደ መገጣጠሚያው ሕንፃ ተመለሰ። ኖቬምበር ላይ ወጣ፤ ኒኮል የሚባል ሌላ አውሎ ነፋስ ማምጠቂያው ላይ እንደቆመ አገኘው፤ ሁለት ቀን ተገፋ። በመጨረሻው ሌሊት ደግሞ አንድ የሃይድሮጅን ቫልቭ ማፍሰስ ጀመረ። ነዳጅ ጢም ብሎ በተሞላ ሮኬት ሥር ጥቂት ባለሙያዎች ገብተው ብሎኖቹን በእጃቸው አጠበቁ። ያ ሲያልቅ የራዳሩ የኔትወርክ ዕቃ ተበላሸ፤ እሱም ተቀየረ። ኖቬምበር 16 ከሌሊቱ 1፡47 በፍሎሪዳ ሰዓት ሄደ። ከመጀመሪያው ሙከራ 11 ሳምንት በኋላ ማለት ነው።

ከዚህ ለእርስዎ የሚጠቅመው ምንድን ነው? በዚያች ሌሊት፣ የተያዘው ሰዓት አልፎም፣ ቫልቩ ሲያፈስም፣ ቦታቸውን ያልለቀቁ ሰዎች አዩ። የዕለቱ ሙከራ መቋረጡ በይፋ እስካልተነገረ ድረስ፣ ቆጣሪው ቢቆምም አይነሡ። በሌላ በኩል ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ። ኦገስት ላይ ሙሉ ሳምንት ይዞ የሄደ ቤተሰብ ሁለት ሙከራ አግኝቶ ሁለቱም ሲቋረጡ ነበር የሚያየው። ለእንዲህ ዓይነት ሮኬት ሳምንትም አስተማማኝ አይደለም።

መፍሰስ የሚል ዜና ሲሰሙ ከ24 ሰዓት በላይ ያስቡ። አንዳንዴ በቀናት ይስተካከላል። አንዳንዴ ትንሹ ሲታይ ትልቁ ይገኛል። ዲስከቨሪ የተባለችው መንኮራኩር ኖቬምበር 5 ቀን 2010 በሃይድሮጅን መፍሰስ ቆመች። ለዚያ ብለው ሲፈትሹ የውጪው ታንክ ላይ ስንጥቅ አገኙ። የተነሣችው ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2011 ነው። ስለዚህ መፍሰስ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ የሚሰጠውን መግለጫ ይጠብቁና አዲስ ቀን ካልተነገረ ወደ ቤት ይግቡ።

«ወደ መገጣጠሚያው ሕንፃ ይመለሳል» የሚል ከሰሙ ደግሞ አይጠብቁ። ከማምጠቂያው እስከ ሕንፃው ያለው መንገድ 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ቢሆን ነው። ግን ሮኬቱን የሚሸከመው ተሽከርካሪ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ጉዞው ራሱ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ገብቶ፣ ተጠግኖ፣ ተመልሶ እስኪወጣ ሳምንታት ያልፋሉ። ጨረቃም የራሷ ቀጠሮ አላት። በየወሩ ለመነሣት የሚመቹት ጥቂት ቀኖች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ካለፉ የሚጠበቀው ቀጣዩ ወር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ለልጅዎ ይህን ቢነግሩት ደስ ይለኛል። በጃንዋሪ 1986 ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር ደጋግማ ተራዝማ ነበር። ጃንዋሪ 28 ጠዋት ብርዱ ያልተለመደ ነበር። በዋዜማው ምሽት መሐንዲሶች በዚህ ብርድ የጎማ ማሸጊያው አይሠራም፣ ይቆይ ብለው ተከራክረዋል። አልተሰሙም። 73 ሰከንድ እንደበረረች ተሰባበረች፤ ሰባቱም ሰዎች አለቁ። አንድ ባለሙያ «ይቁም» ሲል ሁሉም የሚቆምበት ሥርዓት ውድ ዋጋ የተከፈለበት ነው። ልጅዎ አውሮፕላን ውስጥ ያለቀሰባት ቀን ምናልባት አንድ ሰው ሥራውን በትክክል የሠራባት ቀን ናት።

ወደ ዕቅዱ እንምጣ። ለትልቁ ሮኬት ትኬት የሚቆርጡት መቼ ነው? ቀኑ ዜና ላይ ሲወጣ አይደለም። ከበረራው በፊት ነዳጁን እስከ ጫፍ ሞልተው ሰዓቱን ወደ ኋላ እየቆጠሩ፣ ሞተሩ ሊለኮስ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር የሚያቆሙት ልምምድ አለ። ለአርቴሚስ አንድ ይህ ልምምድ ከኤፕሪል እስከ ጁን 2022 ተደጋግሟል። ይህ ልምምድ ተጠናቀቀ ሳይባል ገንዘብ አያውጡ። ከልምምዱ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከበረራው ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ኃላፊዎቹ ተሰብስበው «ዝግጁ ነን» ይላሉ። ከዋሽንግተን ኦርላንዶ የሁለት ሰዓት በረራ ስለሆነ እስከዚያ መጠበቅ ይችላሉ። ትኬቱ ትንሽ ይወደድ ይሆናል። ሊቀየር የማይችል ርካሽ ትኬት ቆርጦ ከመክሰር ግን ይሻላል። ሆቴልም እስከ ዋዜማው ድረስ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ይያዙ፤ ትልቅ በረራ ሲሆን አካባቢው ስለሚሞላ ክፍሉን ቶሎ ይያዙት፤ ትኬቱን ዘግይተው ይቁረጡ። መመለሻው ቀኑ የሚቀየር ይሁን። ያለፈው ጊዜ የጎዳችሁ እሱ ነው።

የተመልካች ቲኬት ከኬኔዲ የጠፈር ማዕከል የጎብኚዎች ክፍል የሚገዙ ከሆነ፣ ቢራዘም ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ ወይም ለሌላ ቀን ያገለግል እንደሆነ ከመክፈልዎ በፊት ደንቡን ያንብቡ። ደንቡ በየበረራው ሊለያይ ይችላል።

አሁን ዋናው ምክሬ። ትልቁን ሮኬት የጉዞው ብቸኛ ምክንያት አያድርጉት። ከፍሎሪዳ ዳርቻ በ2024 ብቻ ከ90 በላይ ሮኬቶች ተነሥተዋል፤ አብዛኞቹ ፋልከን 9 የሚባሉት የስፔስኤክስ ሮኬቶች ናቸው። በሳምንት ውስጥ አንድ ወይም ሁለት የሚነሣበት ጊዜ ብዙ ነው። የፋልከን 9 ቁመት 70 ሜትር ነው። ለ10 ዓመት ልጅ «ትንሽ» የሚባል ሮኬት አይደለም። እናም ሳምንታችሁን ስትመርጡ፣ ትልቁ ቢሄድ ባይሄድ፣ በዚያው ሳምንት ሌላ ሮኬት የተያዘበትን ምረጡ። አንዱ ቢራዘም ሌላው ይኖራል። ባለፈው ይህ ቢኖር ልጁ ባዶ ዓይኑን አይመለስም ነበር።

ፋልከን 9ን ስትጠብቁ አንድ ጠቃሚ ምልክት አለ። ነዳጅ መሙላት የሚጀምረው 35 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ያ ተጀመረ ከተባለ ዕድሉ ጥሩ ነው፤ ከመኪና ውጡ፣ ቦታ ያዙ። ነዳጁ በጣም የቀዘቀዘ ስለሆነና ቆሞ ሲጠብቅ ስለሚሞቅ፣ ከዚያ በኋላ ከቆመ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዕለቱ አበቃ።

የት ትቆማላችሁ? እናትዎ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቲተስቪል ከተማን እመርጣለሁ። ኢንዲያን ሪቨር ከሚባለው ሰፊ ውሃ ዳር ናት። የጨረቃው ሮኬት የሚነሣበት ማምጠቂያ ከውሃው ማዶ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይታያል። ውሃው ዳር ስፔስ ቪው ፓርክን የመሰሉ መናፈሻዎች አሉ፤ መኪና አቁመው ብዙ ሳይሄዱ ወንበር መዘርጋት ይቻላል። ማክስ ብሩወር ድልድይ ከፍ ስለሚል ዕይታው ግሩም ነው፤ ግን ዳገቱ ለእሳቸው አይሆንም። ፕላያሊንዳ የባሕር ዳርቻ ለማምጠቂያዎቹ በጣም ይቀርባል፤ ለትልልቅ በረራ ግን ይዘጋል። ሮኬቱ የሚነሣው በደቡብ በኩል ካሉት ማምጠቂያዎች ከሆነ ፖርት ካናቨራል አካባቢ ያለው ጄቲ ፓርክ ይሻላል። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት የማምጠቂያውን ቁጥር ይዩ። 39 የሚል ካለው ቲተስቪል፣ 36 ከሆነ ጄቲ ፓርክ።

ሰው ለሚሳፈርበት በረራ ሰዓታት ቀድሞ መድረስ ግድ ነው። ውሃ፣ ጥላ፣ የትንኝ መከላከያ፣ የሚታጠፍ ወንበር ያዙ። ዳቦ ቆሎና በፔርሙዝ ቡና ካለ እናትዎም አይሰለቹም። ሕዝብ ሲበዛ የስልክ ኔትወርክ ይጨናነቃል፤ የመኪናውን መንገድ ካርታ አስቀድማችሁ ስልኩ ላይ አውርዱ። ሲያልቅ ደግሞ አትቸኩሉ፤ ወደ ኦርላንዶ የሚወስደው መንገድ ለሰዓታት ይዘጋጋል። እዚያው ቁጭ ብላችሁ ብሉ።

ሲነሣ ምን እንደምታዩ ልንገራችሁ፤ ሳያውቁት የሚያመልጥ ነገር አለ። መጀመሪያ የሚመጣው ብርሃን ነው። ከዛፎቹ ጫፍ ላይ ቢጫ ብርሃን ይወጣል፤ ድምፅ የለም። ሮኬቱ ጭሱን ጥሎ ከፍ ይላል፣ አሁንም ድምፅ የለም። ሰው ይጮኻል፣ ያጨበጭባል። ልጅዎ እሳቱን ካየባት ቅጽበት ጀምሮ ሰከንድ ይቁጠር። 20 ኪሎ ሜትር ላይ ከሆናችሁ ወደ አንድ ደቂቃ ይጠጋል። ከዚያ ድምፁ በውሃው ላይ ይመጣል፤ መጀመሪያ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ፣ ቀጥሎ እንደሚቀደድ ነገር መንጣጣት፣ ደረት ውስጥ የሚሰማ። የቆጠራትን ሰከንድ በ340 ያባዛት፤ እስከ ማምጠቂያው ያለውን ርቀት በሜትር ያገኛል። መልሱን ከካርታው ጋር ያስተያይ። ሁለት ደቂቃ አልፎ ጥቂት ሰከንድ ሲሆን የኤስኤልኤስ ሁለት ጎኖች ላይ ያሉት ረዳት ሮኬቶች ይለያሉ፤ በባይናኩላር በግልጽ ይታያል። ስልኩን አንድ ሰው ብቻ ይያዝ፣ ሌሎቻችሁ በዓይናችሁ እዩ።

ፋልከን 9 ከሆነና ታችኛው ክፍሉ ወደ መሬት የሚመለስ ከሆነ፣ ከስምንት ደቂቃ ገደማ በኋላ እንደ መድፍ የሚያስተጋባ ድምፅ ይሰማል። እናትዎን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ሳያውቁት በጣም ያስደነግጣል።

ስለ እናትዎ ካነሣሁ፦ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ስትመጥቅ ብዙ ሰው በቴሌቪዥን ተከታትሏል። ካዩት ለልጅ ልጃቸው ይንገሩት። ወንዝ ዳር የሚጠበቅበት ሰዓት ረጅም ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ጨዋታ ይመቻል።

አንድ ነገር ደግሞ አሌክሳንድሪያ ለሚኖር ሰው ሳልናገር አላልፍም። ሮኬት ለማየት የግድ ፍሎሪዳ አይኬድም። ዎሎፕስ ደሴት እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ የቼሳፒክ ድልድይን ተሻግሮ በመኪና ከሦስት ሰዓት በላይ ይሆናል። ሮኬት ላብ የተባለው ኩባንያ ኤሌክትሮን ከሚባለው ሮኬቱ አንዳንዱን ከ2023 ጀምሮ ከዚያ ያስነሣል። ቁመቱ 18 ሜትር ቢሆን ነው፤ ከፍሎሪዳዎቹ ጋር አይወዳደርም። ትልቁ ጥቅሙ ቢራዘም ቤታችሁ ታድራላችሁ። ትኬት የለ፣ ሆቴል የለ።

እዚያም ግን ደንቡ አንድ ነው። ኦክቶበር 27 ቀን 2014 አንታሬስ የተባለ ሮኬት ሊነሣ ሲል አንዲት ጀልባ የተከለከለው ውሃ ውስጥ ገባች፤ በዚያ ምክንያት ተቋረጠ። ሰው ተናደደ። በማግስቱ ማታ ተነሣ፤ 15 ሰከንድ ያህል ሄዶ ወደቀና ማምጠቂያውን ጎዳው። አንድም ሰው አልተጎዳም፤ አካባቢው ባዶ ስለነበር። የተከለለ ቦታ ሲያዩ በዚህ ዓይን ይዩት።

ለእናንተ ቤተሰብ እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። እናትዎ የሚመለሱበትን ቀን ያውቃሉ። ከዚያ በፊት፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሳምንት፣ አምስት ወይም ስድስት ቀን ይያዙና ቢያንስ ሁለት የፋልከን 9 በረራ የታቀደበትን ይምረጡ። ደመናማ በሆነው ወይም በተራዘመው ቀን የጎብኚዎቹን ማዕከል ይጎብኙ። አፖሎዎችን እንዳመጠቁት ያለ፣ ራሱ ግን ያልበረረ አንድ የሳተርን 5 ሮኬት ሙሉውን እንደተጋደመ አለ፤ ከሥሩ እየሄዱ 110 ሜትሩን ማየት ለልጁ ብቻውን ጉዞ ያወጣል። በአውቶቡስ ስለሚኬድ ለእናትዎም አይከብድም። የጨረቃው ሮኬት በዚያ ሳምንት ከገጠመ እሰየው። ካልገጠመ እሱን ለብቻው፣ ልምምዱ ካለቀ በኋላ፣ ከልጁ ጋር ሁለታችሁ ብቻ በቀላል ሻንጣ የምትሄዱበት ጉዞ አድርጉት። ለሁለት ሰው ቀን መቀየር ለሦስት ከመቀየር ይቀላል።

ቀኑን ስትመርጡ የሮኬቱን ስምና የማምጠቂያውን ቁጥር ጽፈው ይላኩልኝ። የት ብትቆሙ እንደሚሻልና በዚያ ወቅት አየሩ በስንት ሰዓት እንደሚከፋ በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ።